የቦክሰኛው የጆ ሉዊስ ሕይወትና የጓንት ነገር

እንደ ልማዳችን ዘንድሮም ለመጽሔታችን አንዲት ጽሑፍ እንድናዋጣ ስለ ተጠየቅን፣ የአንድ ስመ ጥር ቦክሰኛ ታሪክ ይዘን ቀርበናል። የእድር መጽሔትንና ቡጢን ምን አገናኛቸው የምትሉ አትጠፉም። እኛም ስንጀምር እንዲሁ ብለን ነበር። ታሪኩን እስከ መጨረሻው ስናየው ግን ነገሩ የሚያልቀው ከቀብር ላይ ነው፤ ያውም የቀብሩን ወጪ ማን ረዳ በሚለው ላይ። ስለዚህ ጉዳዩ የኛው ነው ብለን ጻፍነው። ዓመታቱን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጠናል፤ የኛን አቆጣጠር ስንጠቅስ ለይተን እንናገራለን።

ከሰውየው በፊት ስለ ጓንት ጥቂት እንበል። ጓንት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የክብር ጓንት ነው። ጆ ሉዊስ በኖረበት ዘመን፣ በተለይ ከ1930ዎቹ እስከ 1950ዎቹ፣ በአሜሪካ አገር ጨዋ የምትባል ሴት እጇን ባዶ አድርጋ ቤተ ክርስቲያን አትሄድም። ለቀን እስከ አንጓ የሚደርስ አጭር ጓንት፣ ለማታ ግብዣ ደግሞ ከክርን በላይ የሚያልፍ ረጅም ጓንት ታደርግ ነበር። ወንዱም ጭራ ያለውን የማታ ኮት ሲለብስ ነጭ ጓንት ይጨምርበታል። ለዚሁም ሥርዓት ነበረው፤ ወንድ ሰው ሲጨብጥ የቀኝ እጁን ጓንት ያወልቃል፣ ማዕድ ሲቀርብም ሴቲቱ ታወልቃለች። በጥቁር አሜሪካውያን ቤተ ክርስቲያን ምእመኑን ተቀብለው የሚያስቀምጡት አስተናባሪዎች ነጭ ጓንት ያደርጋሉ። ይህ ለኛም እንግዳ አይደለም፤ ሙሽራ ነጭ ጓንት አድርጋ፣ ሚዜዎቿም እንደሷ አጊጠው ፎቶግራፍ ሲነሱ ስንቱን ሠርግ አይተናል።

ሁለተኛው የቦክስ ጓንት ነው። ይህ ከቆዳ የተሰፋ፣ በዚያ ዘመን ውስጡ በፈረስ ጸጉር የታጨቀ፣ አንጓው ላይ በክር የሚታሰር ነው። ከሥሩ እጁ በፋሻ ይጠቀለላል። በእንግሊዝ አገር በ1867 የኩዊንስቤሪ ሕግ የተባለው ሲወጣ ጓንት ማድረግ ግዴታ ሆነ፤ አንዱ ዙር 3 ደቂቃ፣ ዕረፍቱ 1 ደቂቃ፣ የወደቀውም በ10 ሴኮንድ ውስጥ እንዲነሣ ተደነገገ። እንግዲህ አንዱ ጓንት ለጨዋነት፣ ሌላው ለድብድብ ነው ማለት ነው። የጆ ሉዊስ ሕይወት በነዚህ በሁለቱ መካከል ያለፈ ነው።

ሙሉ ስሙ ጆሴፍ ሉዊስ ባሮው ነው። የተወለደው ሜይ 13 ቀን 1914 አላባማ በሚባለው የአሜሪካ ደቡባዊ ክፍለ ግዛት፣ ላፋየት ከተባለች ትንሽ ከተማ አጠገብ ነው። አያቶቹ ባሪያዎች የነበሩ ናቸው። ወላጆቹ የሰው መሬት እያረሱ ጥጥ የሚያመርቱ ድሆች ሲሆኑ፣ እሱ ከስምንት ልጆች ሰባተኛው ነበረ። አባቱ ገና በ1916 አእምሯቸው ታውኮ ሆስፒታል ገቡ። እናቱ ወይዘሮ ሊሊም ልጆቻቸውን ይዘው ሌላ ባል አገቡ። በ1926 ቤተሰቡ የደቡቡን ጭቆና ሸሽቶ መኪና ወደሚሠራባት ከተማ ወደ ዲትሮይት ተሰደደ። እዚያም ልጁ እንጨት ሥራ እንዲማር ሙያ ትምህርት ቤት ገባ።

እናቱ ግን ሌላም ሐሳብ ነበራቸው። ልጃቸው ቫዮሊን እንዲማር ከድህነታቸው ቆጥበው በየሳምንቱ 50 ሳንቲም ይሰጡት ነበር። ልጁ ምን አደረገ? ገንዘቡን ወስዶ ብሩስተር በሚባለው የመዝናኛ ማዕከል ለቦክስ ልምምድ የልብስ ሳጥን ተከራየበት። ጓንቱን በቫዮሊኑ ሣጥን ውስጥ ደብቆ ይመላለስ ነበር እየተባለም ይነገራል። መቼስ ልጅ ያሳደግን ሁሉ እንዲህ ያለውን እናውቃለን። ኋላ እናቱ ሲደርሱበት አልተቆጡም፤ የያዝከውን በርትተህ ያዝ ብለው ተዉት።

የመጀመሪያው የአማተር ግጥሚያው በ1932 ነው። አማተር ማለት ለደመወዝ ሳይሆን ለክብር የሚጋጠም ማለት ነው፤ ሽልማቱም በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን ዕቃ በሚገዛበት ወረቀት ይሰጣል። ያን ዕለት የገጠመው ጆኒ ማይለር የተባለውን፣ በዚያው ዓመት በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ አሜሪካን የወከለውን ጎበዝ ነበር። ጆ ሉዊስ በሁለት ዙር ውስጥ ሰባት ጊዜ ወደቀ። የተሰጠውም ወረቀት የ7 ዶላር ነበረ፤ ለአንድ ውድቀት አንድ ዶላር እንደ ማለት ነው። እንጀራ አባቱ ይህን አይተው በል ይህን ነገር ትተህ ሥራ ፈልግ አሉት። እሱም ለጊዜው ጓንቱን ሰቅሎ ፋብሪካ ገባ። ቀኑን ሙሉ ከባድ ዕቃ ሲገፋ ውሎ ማታ ክንዱን ማንሣት ሲያቅተው ግን፣ ለዚህ ድካምስ ቦክሱ ይሻላል ብሎ ተመለሰ።

በዚያን ጊዜ የወርቅ ጓንት የሚባል የአማተሮች ውድድር በቺካጎና በኒው ዮርክ ጋዜጦች አዘጋጅነት ይካሄድ ነበር። አሸናፊው የሚሸለመው ትንሽ የወርቅ ጓንት ስለ ሆነ ነው ስሙ የወጣለት። ድሃ ልጅ ሁሉ ያቺን ጓንት ይመኛል። ጆ ሉዊስ በ1934 በቺካጎው ውድድር በቀላል ከባድ ሚዛን አሸነፈ፤ ነገር ግን እጁ ተጎድቶ ስለ ነበረ ከኒው ዮርክ አሸናፊዎች ጋር በሚደረገው ግጥሚያ መሰለፍ አልቻለም። በዚያው ዓመት በአፕሪል ሴንት ሉዊስ ከተማ ላይ የመላ አሜሪካ አማተር ሻምፒዮን ሆነ። በአማተርነቱ 54 ጊዜ ተጋጥሞ 50ውን አሸንፏል፤ ከዚህም 43ቱ በዝረራ ነው። ሰባት ጊዜ የወደቀው ልጅ በሁለት ዓመት ውስጥ እዚህ ደረሰ።

ጁላይ 4 ቀን 1934 በቺካጎ ለገንዘብ መጋጠም ጀመረ። የመጀመሪያው ክፍያው 59 ዶላር ነበረ። ኃላፊዎቹ ጆን ሮክስቦሮና ጁሊያን ብላክ፣ አሰልጣኙም ጃክ ብላክበርን ሦስቱም ጥቁሮች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች አንድ ነገር አስጨንቋቸዋል። ከዚያ በፊት ጃክ ጆንሰን የተባለ ጥቁር ከ1908 እስከ 1915 የዓለም ከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ነበረ፤ እሱም ነጮችን እያሸነፈ በአደባባይ ይስቅባቸው ስለ ነበረ ከሱ ወዲያ ለጥቁር የሻምፒዮንነቱ በር ተዘግቶ ቆየ። ስለዚህ ለጆ ሉዊስ ደንብ አወጡለት። ከነጭ ሴት ጋር ፎቶግራፍ አትነሣ፤ በወደቀ ተጋጣሚ ላይ ቆመህ አትፎክር፤ ተሸናፊ ለመምሰል ተስማምተህ አትግባ፤ በንጽሕና ኑር አሉት። ነገሩን ስናስበው ያሳዝናል። ጓንት አድርጎ ነጩን መምታት ተፈቀደለት፤ በድሉ ቀን ያንኑ እጁን ከፍ አድርጎ መደሰት ግን አልተፈቀደለትም።

አሁን ወደኛ አገር የሚያደርሰን ነገር መጣ። ጁን 25 ቀን 1935፣ በኛ አቆጣጠር ሰኔ 18 ቀን 1927 ዓ.ም.፣ ጆ ሉዊስ ኒው ዮርክ በሚገኘው ያንኪ ስታዲየም ፕሪሞ ካርኔራ ከተባለው ጣሊያናዊ ጋር ተጋጠመ። ካርኔራ ግዙፍ ሰው ነው፤ ሚዛኑ ከጆ ሉዊስ በ60 ፓውንድ ይበልጣል፣ የሙሶሊኒም መንግሥት ይኮራበት ነበር። ጊዜው ደግሞ የወልወል ግጭት ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. ከሆነ በኋላ ጣሊያን ጦሩን በኤርትራና በሶማሊያ የሚያከማችበት ነበረ። ስለዚህ የአሜሪካ ጥቁሮች ግጥሚያውን የኢትዮጵያና የጣሊያን ግጥሚያ አድርገው ቆጠሩት። ብጥብጥ ይነሣል ተብሎ ብዙ ፖሊስ በስታዲየሙ ዙሪያ ቆመ። ከ60 ሺህ በላይ ሕዝብ እያየ ካርኔራ በስድስተኛው ዙር ሦስት ጊዜ ወደቀ፤ ዳኛውም ግጥሚያውን አቆመው። በዚያች ሌሊት የጥቁሮች ሠፈር የሆነው ሃርለም በደስታ ሰከረ ይባላል።

ከሦስት ወር በኋላ፣ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ጣሊያን ድንበራችንን ጥሶ ገባ። የአንድ ሰው ቡጢ ጦር አይመልስም። ሆኖም ያ ስሜት ከንቱ አልቀረም። ጆ ሉዊስ ከተነሣባት ከቺካጎ ጆን ሮቢንሰን የተባለው ጥቁር አብራሪ በዚያው በ1935 መጥቶ በአየር ኃይላችን አገልግሏል፤ አጽሙም ያረፈው እዚሁ አዲስ አበባ ጉለሌ ነው። በ1937ም ዶክተር መላኩ በያን በኒው ዮርክ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን ሲያቋቁሙ ያ ሁሉ ጥቁር ሕዝብ አብሯቸው ቆሟል።

ጆ ሉዊስ ሴፕቴምበር 24 ቀን 1935 ማርቫ ትሮተር የተባለችውን ቆንጆ አገባ። በዚያችው ማታ ከሠርጉ ተነሥቶ ሄደና ከ80 ሺህ በላይ ሰው ፊት ማክስ ቤር የተባለውን የቀድሞ ሻምፒዮን በአራተኛው ዙር ዘረረው። ማርቫ በአለባበሷ የታወቀች ሴት ነበረች፤ የጥቁሮች ጋዜጦች ባርኔጣዋንና ጓንቷን ሳይቀር እየተከተሉ ይጽፉ ነበር። እንግዲህ በአንድ ቤት ውስጥ ሁለቱም ዓይነት ጓንት ገባ ማለት ነው።

ድል ሰውን ያዘናጋል። በ1936 ማክስ ሽሜሊንግ ከተባለው ጀርመናዊ ጋር ሊጋጠም ቀጠሮ ተይዞ ሳለ ጆ ሉዊስ ልምምዱን ትቶ የጎልፍ ጨዋታ ላይ ተጠመደ። ሽሜሊንግ ግን አስተዋይ ነበር፤ የጆ ሉዊስን ግጥሚያዎች በፊልም እያየ፣ ግራ እጁን ከሰነዘረ በኋላ ዝቅ እንደሚያደርገው ደረሰበት። ጁን 19 ቀን 1936 በዚያችው ክፍተት እየገባ በአሥራ ሁለተኛው ዙር ዘረረው። የጥቁሩ ሕዝብ ኀዘን ተቀመጠ። የሂትለር መንግሥትም ይህንን የዘሩ የበላይነት ማስረጃ አድርጎ ነፋው።

ጁን 22 ቀን 1937 ጆ ሉዊስ ጄምስ ብራዶክን በስምንተኛው ዙር አሸንፎ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ሽሜሊንግን እስካላሸነፍኩ ድረስ ግን ሻምፒዮን ነኝ አልልም ይል ነበር። ልክ በዓመቱ፣ ጁን 22 ቀን 1938፣ ሁለቱ ያንኪ ስታዲየም ላይ ዳግመኛ ተገናኙ። 70 ሺህ ያህል ሰው ተሰብስቦ ነበር፤ ሌላው ዓለም በሬዲዮ ያዳምጣል። ግጥሚያው የፈጀው 2 ደቂቃ ከ4 ሴኮንድ ነው። ሽሜሊንግ ሦስት ጊዜ ወደቀ፤ አከርካሪው ተጎድቶ ሆስፒታል ገባ።

እዚህ ላይ ስለ ሽሜሊንግ እውነቱን መናገር ይገባል። ሰውየው የናዚ ፓርቲ አባል አልነበረም። ሥራ አስኪያጁ አይሁዳዊ ነበረና አሰናብተው ቢባል እምቢ ብሏል። በኖቬምበር 1938 በጀርመን የአይሁዶች ቤትና ሱቅ ሲቃጠል የአንድ ወዳጁን ሁለት ልጆች በርሊን ውስጥ በሚኖርበት ሆቴል ደብቆ አትርፏል። ይህንንም ለሰው ሳያወራ ከሃምሳ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ የታወቀው ከተረፉት ልጆች አንዱ በ1989 በአደባባይ ሲመሰክር ነው። እንግዲህ ዓለም ጠላት አድርጎ ያጋጠማቸው ሁለት ሰዎች በልባቸው ጠላቶች አልነበሩም።

ጆ ሉዊስ ማዕረጉን ከ11 ዓመት በላይ ይዞ 25 ጊዜ ተከላክሏል። ጦርነቱ አሜሪካ ሲደርስ በጃንዋሪ 1942 ወታደር ሆነ። በዚያው ዓመት ሁለት ግጥሚያ አድርጎ ድርሻውን፣ በድምሩ ከ80 ሺህ ዶላር በላይ፣ ለባሕር ኃይሉና ለምድር ጦሩ የዕርዳታ ገንዘብ ሰጠ። በጦሩ ውስጥ ጥቁርና ነጭ ተለያይተው በሚቀመጡበት ቦታ ችሎታዬን አላሳይም ብሎ ተከራከረ። ቤዝቦል ተጫዋቹ ጃኪ ሮቢንሰንና ጓደኞቹ ከመኮንንነት ኮርስ በቀለማቸው ምክንያት ሲከለከሉ፣ ስሙን ተጠቅሞ በሩን ካስከፈቱላቸው ሰዎች አንዱ እሱ ነው።

አሁን የሚያስቆጨው ክፍል ይመጣል። ዕድሜያችንን ከመዝገብና ከደረሰኝ ጋር ያሳለፍን ሰዎች ስለ ሆንን ይህን ስናነብ እጅግ አዘንን። ያ ለዕርዳታ የሰጠው ገንዘብ በግብር ሰብሳቢው መዝገብ ላይ የሱ ገቢ ሆኖ ተቆጠረ። እጁ ያልገባ ገንዘብ ግብር ተጠየቀበት ማለት ነው። በእርግጥ ጥፋቱ የመንግሥት ብቻ አልነበረም። በዘመኑ ሁሉ ከግጥሚያዎቹ ከተሰበሰበው 4 ሚሊዮን 600 ሺህ ዶላር ገደማ ለሱ የደረሰው 800 ሺህ ያህል ሲሆን፣ እሱም ሒሳብ የሚይዝ ሰው አልነበረም። ለዘመድ ይሰጣል፣ ለጓደኛ ይሰጣል፣ ለማያውቀው ይሰጣል። ቤተሰቡ በችግር ዘመን ከዲትሮይት ከተማ የወሰደውን የድሆች ዕርዳታ እንኳ ገንዘብ ሲያገኝ መልሶ ከፍሏል።

በማርች 1949 ጓንቱን ሰቅሎ ነበር፤ ዕዳው ግን መልሶ አስወረደው። በሴፕቴምበር 1950 በኤዛርድ ቻርልስ በነጥብ ተሸነፈ። በኦክቶበር 1951 ሮኪ ማርሲያኖ በስምንተኛው ዙር መትቶ ከገመዱ ውጭ ጣለው። በተጋጠመ ቁጥርም ዕዳው አይቀንስም ነበር፤ በዚያ ዘመን ከፍተኛው የገቢ ግብር ከመቶ ከ90 በላይ ስለ ነበረ አዲስ ገቢ አዲስ ዕዳ ይወልዳል። ከነወለዱ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ደረሰ። በ1953 እናቱ ወይዘሮ ሊሊ ሲሞቱ የተናዘዙለትን ከ600 ዶላር ጥቂት የምትበልጥ ገንዘብ ግብር ሰብሳቢው ወሰዳት። ያቺ ለቫዮሊን 50 ሳንቲም የምትሰጥ እጅ የተወችለት የመጨረሻዋ ስጦታ ነበረች። በ1956 የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ሰው ለእንጀራው ሲል በትግል ትርኢት ላይ ተሰለፈ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ብቻ ነው መንግሥት ካሁኑ ገቢህ መጠን ክፈል ብሎ የተወው።

ሽሜሊንግስ? እሱ ከጦርነቱ በኋላ ሃምቡርግ ላይ የኮካ ኮላ ንግድ ይዞ ደህና ሀብታም ሆነ። በ1954 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ቺካጎ ጆ ሉዊስ ዘንድ ሄደ። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ሲገናኙ በእጃቸው ላይ የቦክስ ጓንት ነበረ፤ አሁን ግን ባዶ እጃቸውን ተጨባበጡ። ከዚያ ወዲያ ወዳጆች ሆኑ። ሽሜሊንግ በችግሩ ጊዜ በገንዘብ እየረዳው ኖረ።

የጆ ሉዊስ የመጨረሻ ዓመታት ከባድ ነበሩ። አደንዛዥ ዕፅ ለመደ፤ በ1970 አእምሮው ታውኮ ሆስፒታል ገባ፤ የአባቱ ዕጣ ለሱም ደረሰው። ሦስተኛዋ ሚስቱ፣ ማርታ የተባለችው ጠበቃ፣ ሳትለየው አስታመመችው። ላስ ቬጋስ ውስጥ በአንድ ትልቅ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ሆኖ ይሠራ ነበር። በ1977 ልቡን በቀዶ ጥገና ከታከመ በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር ነበረ የሚሄደው። አፕሪል 11 ቀን 1981 የቦክስ ግጥሚያ ሲመለከት አመሸ፤ በማግሥቱ፣ በኛ ሚያዝያ 4 ቀን 1973 ዓ.ም.፣ በ66 ዓመቱ አረፈ።

ሬሣው ላስ ቬጋስ ላይ በቦክስ መድረክ ላይ ተቀምጦ ሕዝብ ተሰናበተው። በደንቡ መሠረት በአርሊንግተን ብሔራዊ መካነ መቃብር መቀበር ባይገባውም ፕሬዚዳንት ሬገን በልዩ ትእዛዝ ፈቀዱ፤ አፕሪል 21 ቀን 1981 በወታደራዊ ክብር ተቀበረ። በዚያ ሥፍራ ሬሣ የሚሸከሙት ወታደሮች ነጭ ጓንት ያደርጋሉ። እንዲህ ሆኖ በፈረስ ጸጉር የታጨቀውን ጓንት አድርጎ የኖረው ሰው በክብር ጓንት ተሸኘ። ከቀብሩ ወጪ ከፊሉን የሸፈነው ደግሞ ያ በ2 ደቂቃ ከ4 ሴኮንድ የዘረረው ማክስ ሽሜሊንግ ነው። ሽሜሊንግም በ2005 በ99 ዓመቱ አረፈ።

ዲትሮይት ከተማ በ1986 ለጆ ሉዊስ መታሰቢያ አቁማለች። ከናስ የተሠራ፣ 24 ጫማ ርዝመት ያለው የተጨበጠ እጅ ነው። እጁ ጓንት የለውም።

ውድ አባሎቻችን፤ ይህንን ታሪክ ያመጣንላችሁ በከንቱ አይደለም። በእድራችን ውስጥም በአጥር፣ በውርስ፣ በልጆች ጠብ ተኳርፈው ዓመታት የቆዩ ጎረቤቶች አሉ። ጥሩንባ ሲነፋ መጥተው ድንኳን ይተክላሉ፣ ስማቸው እንዳይመዘገብ ፈርተው ይቆማሉ፤ ለቅሶ ቤቱ ገብተው ያንን የተኳረፉትን ሰው ግን አይጨብጡም። ቅጣትን ፈርቶ መቅበር ቀብር ነው፣ አይደለም አንልም። ሽሜሊንግን ግን ያስገደደው የእድር ደንብ የለም፤ ያን ያህል ተመትቶ፣ በዓለም ፊት ተዋርዶ፣ የመታውን ሰው በድህነቱ ረድቶ በሞቱም ጊዜ ወጪውን ተካፈለ። እኛ ደግሞ አንዳችን ሌላችንን ከቃል በላይ የመታን ጥቂቶች ነን። ስለዚህ ሰውዬው ሳይሞት፣ ገና በሕይወት ሳለ ጓንታችንን አውልቀን ብንጨባበጥ ይሻላል እንላለን።

ዓመቱን የሰላምና የጤና ያድርግልን። በዓመቱ ውስጥ ያለፉትን አባሎቻችንን ነፍስ ይማር።